ሶላሪስን መክፈት ስህተት አልነበረም

ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሶላሪስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሶርስ ኮድ ለማንም ክፍት ያደረገው ጁን 14 ቀን 2005 ነበር (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ዓመት ሳይሞላ ኩባንያው ለኦራክል ተሸጠ። ኦራክልም ብዙ ሳይቆይ የተከፈተውን መልሶ ዘጋ። ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ የታወቀ ነው፦ ሰን ከሃያ ዓመት በላይ የደከመበትን ሀብት በነፃ በትኖ ራሱን አከሰረ። ሶፍትዌርን ክፍት ማድረግ በተነሳ ቁጥር ይህ ታሪክ እንደ ማስፈራሪያ ይጠቀሳል።

የዘመን ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ምክንያትና ውጤቱ ግን የተገናኙት በተሳሳተ መንገድ ነው። ሰንን ያዳከመው ሌላ ነገር ነው፤ ከሰን ሥራ ውስጥ ዛሬም በሕይወት ያለው አብዛኛው ደግሞ በዚያ ውሳኔ የተረፈው ነው። የሚወቀስ ነገር ከተፈለገ ሁለት አለ፦ መዘግየቱና ኮዱን ከፍቶ ሥልጣኑን ለራስ ማስቀረቱ። ይህን ለማየት ከሂሳቡ መጀመር ይሻላል።

የሰን ገቢ የወረደው መቼ ነው?

ሰን የሚኖረው በሃርድዌር ሽያጭ ነበር። ስፓርክ የተባለውን ፕሮሰሰር ራሱ ይነድፋል፣ በእሱ ላይ ሰርቨር ይሠራል፣ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሶላሪስ ነው። ደንበኛው ዋናውን ገንዘብ የሚከፍለው ለማሽኑና ለጥገና ውሉ ነበር። ሶላሪስ ያንን ማሽን የሚያስመርጥ ምክንያት ነበር እንጂ ብቻውን ቆሞ ኩባንያውን የሚያኖር ሸቀጥ አልነበረም። ባንኮች፣ የቴሌኮም ድርጅቶችና በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ አሸን የፈሉት የኢንተርኔት ኩባንያዎች ጥምረቱን በውድ ዋጋ ገዙት። ጁን 2001 በተዘጋው የበጀት ዓመት የሰን ገቢ ከ18 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ የኢንተርኔት ኩባንያዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ብዙም ያልተሠራባቸው የሰን ሰርቨሮች ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ወጡና ኩባንያው ትናንት ራሱ ከሸጠው ማሽን ጋር ይወዳደር ጀመር። ይህ ጊዜያዊ ችግር ነበር፤ ያላለፈው ችግር ሊኑክስ የተባለው ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ፍጥነት በየዓመቱ ሲጨምር፣ ከፒሲ ብዙም የማይለይ ርካሽ ሰርቨር ላይ ሊኑክስ ጭኖ ቀድሞ ስፓርክ ይፈልግ የነበረውን ሥራ መሥራት ተቻለ። አይቢኤም በ2001 ለሊኑክስ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ማሳወቁ ደግሞ ትልልቅ ደንበኞች «የሚጠይቁት ባለቤት የለውም» የሚለውን ፍርሃታቸውን እንዲተዉ አደረገ። ዋናው የሶላሪስ ኮድ ከተለቀቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ በተዘጋው የ2005 የበጀት ዓመት የሰን ገቢ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። ሰባት ቢሊዮን ዶላሩ የጠፋው ኮዱ ተዘግቶ በተቀመጠባቸው ዓመታት ነው ማለት ነው።

ከመከፈቱ በኋላስ? በ2007 የበጀት ዓመት ገቢው ወደ 13.9 ቢሊዮን ተጠግቶ ኩባንያው ትርፍም አስመዝግቧል። ይህን ጭማሪ ለኮዱ መከፈት መስጠት ግን አይገባም። ሰን በ2005 ስቶሬጅቴክ የተባለውን የመረጃ ማከማቻ አምራች በ4.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ስለነበር ከጭማሪው ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ሊባል የሚችለው፣ ውድቀቱን ያፋጠነ ነገር በቁጥሮቹ ውስጥ አይታይም የሚል ነው። መጨረሻው የመጣው በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ነው። የሰን ትልልቅ ደንበኞች የኒው ዮርክ የፋይናንስ ድርጅቶች ነበሩ፤ እነሱ ግዢ ሲያቆሙ ሰን ቆመ። በዚያው ዓመት የዳታቤዝ ኩባንያውን ማይኤስኪውኤልን በአንድ ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ ለዓመታት ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሮክ የተባለው የስፓርክ ፕሮሰሰርም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። በ2009 ኪሳራው ከሁለት ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

ሶላሪስ ከፕሮግራመሮች መራቁ

በሂሳብ መዝገብ የማይታይ ሌላ ኪሳራ ነበር፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ሊኑክስ በማንኛውም የተማሪ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ውስጡ ይነበባል፣ ይነካካል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተማሩት በእሱ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ እነዚያው ወጣቶች የኩባንያዎች የሲስተም ኃላፊዎች ሆነው ግዢ ሲወስኑ የሚያውቁትን መረጡ። ሰን ይህን ሳይረዳ በጃንዋሪ 2002 ሶላሪስ 9ን በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ማውጣቱን እንደሚያቆይ አስታወቀ። ተጠቃሚዎች በቁጣ ተነሱበትና ሐሳቡን ለወጠ፤ ነገር ግን «ይህ ሲስተም ነገ ይኑር አይኑር የሚወስነው አንድ ቢሮ ነው» የሚለው ስጋት በዚያ ውሳኔ ተረጋገጠ።

የመክፈቱ ውሳኔ መልስ የሰጠው ለዚህ ስጋት ነው። ዋጋው አስቀድሞ ወርዷል፤ ሶላሪስ 10 በ2005 መጀመሪያ ሲወጣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ተፈቅዶ ነበር። የቀረው ጥያቄ እምነት ነበር። ፕሮግራመር አንድን ሲስተም ለመማር ዓመታት የሚያጠፋው ዕውቀቱ ከአንድ ኩባንያ ዕጣ ጋር አብሮ እንደማይቀበር ሲያምን ነው።

የኮዱ ባለቤት ማን ነበር?

ሶላሪስን መክፈት በአንድ ስብሰባ ተወስኖ በማግስቱ የሚፈጸም ነገር አልነበረም። ሶላሪስ ዩኒክስ የተባለው አንጋፋ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዘር ነው። መሠረቱ ሰንና ኤቲ ኤንድ ቲ በ1980ዎቹ መጨረሻ አብረው ያዘጋጁት ሲስተም ፋይቭ ሪሊዝ 4 ሲሆን የዩኒክስ መብት ከኤቲ ኤንድ ቲ ወደ ኖቬል፣ ከኖቬል ደግሞ በከፊል ወደ ኤስሲኦ ተሻግሯል። ሰን በ1994 ለኖቬል ወደ 82 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከቀጣይ የሮያልቲ ክፍያ ነፃ ወጣ፤ በ2003 ደግሞ ከኤስሲኦ ጋር ተጨማሪ ስምምነት ፈረመ። ኤስሲኦ ያንን ስምምነት የመፈረም ሥልጣን ነበረው ወይ የሚለው ራሱ ቆይቶ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የተከራከሩበት ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ ሶላሪስ ውስጥ ሰን ከሌሎች ኩባንያዎች በፈቃድ ያስገባቸው ክፍሎች ነበሩ። ለእነዚህ ሶርሱን መልቀቅ ስለማይችል በተጠናቀረ ፋይል መልክ ብቻ ሰጣቸው። ከመካከላቸው አንዱ የሲ ላይብረሪው የቋንቋና የአካባቢ ልማድ ክፍል ነበር፤ ያለ እሱ ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ ከሶርስ ማጠናቀር አይቻልም። ይህች ትንሽ ቁራጭ ከአምስት ዓመት በኋላ ትልቅ ጉዳይ ሆናለች።

የፈቃዱ ጣጣ

ሰን ሊኑክስ የሚሠራበትን ጂፒኤል የተባለ ፈቃድ አልመረጠም። ከሞዚላ ፈቃድ ተነስቶ ሲዲዲኤል የተባለ የራሱን ፈቃድ አዘጋጀ። ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ግልጽ ይሆናል። አንድ ኩባንያ የሶላሪስን አንድ ፋይል ቢያሻሽልና አሻሽሎ ቢሸጥ ያንን ፋይል የመክፈት ግዴታ አለበት። ከጎኑ የራሱን አዲስ ፋይል ጽፎ አብሮ ቢያጠናቅረው ግን አዲሱን ፋይል ዘግቶ ማስቀመጥ ይችላል። የግዴታው ወሰን ፋይሉ ነው። በጂፒኤል ግዴታው አብሮ የተሠራውን ነገር በሙሉ ይከተላል። ሁለቱ ፈቃዶች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲገናኙ የሚጣጣሙ አይደሉም፤ ስለዚህ የሶላሪስ ኮድ ወደ ሊኑክስ ከርነል በቀጥታ መግባት አልቻለም።

ሰን ይህን ያደረገው ሊኑክስን ለመከልከል ሆን ብሎ ነው የሚል ክስ ለዓመታት ተሰምቷል፤ በጊዜው ሰን ውስጥ የነበሩ ሰዎችም በዚህ ላይ በአደባባይ ተቃራኒ ምስክርነት ሰጥተዋል። የልባቸውን ሐሳብ መመርመር ብዙም አያስፈልግም። ሶላሪስ ውስጥ ሊከፈቱ የማይችሉ የሌሎች ክፍሎችና የሃርድዌር አምራቾች ዝግ ድራይቨሮች ነበሩ፤ በፋይል የሚወሰን ፈቃድ ለዚህ ሁኔታ ይስማማል። ከዚያም በላይ ፈቃዱ የፓተንት መብትን አብሮ ይሰጣል፤ ሰን ኮዱን ሲለቅ 1,600 ፓተንቶችን አያይዞ ለተጠቃሚዎቹ ፈቅዷል። ስለዚህ ምርጫው ምክንያት ነበረው እላለሁ። ዋጋ አላስከፈለም ግን አልልም። ዓለም ወደ ሊኑክስ በሚጎርፍበት ጊዜ ከሊኑክስ ጋር የማይጋባ ፈቃድ መምረጥ የሶላሪስን ምርጥ ሥራዎች ጉዞ ለዓመታት አዘግይቷል።

በእርግጥ የተሰጠው ምንድን ነው?

ተቺዎቹ «ሰን ምርጡን በነፃ ሰጠ» ሲሉ ልክ ናቸው። በጃንዋሪ 2005፣ ከዋናው ኮድ አስቀድሞ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን የለቀቀው ዲትሬስን ነው። ያረጀ ነገር ጥሎ «ክፍት ነን» ማለት ይችል ነበር፤ ብዙዎች እንደዚያ አድርገዋል።

ዲትሬስ የሚፈታው ችግር ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የታወቀ ነው። የአንድ ባንክ ሲስተም በሥራ ሰዓት ይንቀረፈፋል። ማጥፋት አይቻልም፣ መመርመሪያ ለመጫን እንደገና ማስነሳት አይቻልም፤ ሙከራ ክፍል ውስጥ ደግሞ ችግሩ አይታይም። ዲትሬስ ሲስተሙ እየሠራ ሳለ በከርነሉና በፕሮግራሞቹ ውስጥ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ጥያቄ ለማቅረብ ያስችላል፦ ይህ ተግባር በሰከንድ ስንት ጊዜ ተጠራ? የጠራው ማን ነው? ዲስኩን ሲጠብቅ ስንት ማይክሮ ሰከንድ ቆየ? ጥያቄ በማይቀርብበት ጊዜ ነጥቦቹ በሲስተሙ ላይ የሚጭኑት ሸክም የለም፤ ምክንያቱም መመርመሪያው ትዕዛዝ በሚሠራው ኮድ ላይ የሚተከለው ሲጠየቅ ብቻ ነው፣ ሲያበቃም ይነቀላል።

ሁለተኛው ዜድኤፍኤስ ነው፤ ሶርሱ በኖቬምበር 2005 ወጣ። ዲስክ የተሰጠውን መረጃ ሁልጊዜ እንዳለ አይመልስም። አንዳንዴ ቢት ይበላሻል፣ አንዳንዴ ዲስኩ ጻፍኩ ብሎ ሳይጽፍ ይቀራል፣ ወይም ሌላ ቦታ ላይ ይጽፋል፤ የስህተት መልእክት ግን የለም። የቀድሞዎቹ ፋይል ሲስተሞች ዲስኩ የሰጣቸውን አምነው ይቀበላሉ። ዜድኤፍኤስ ለእያንዳንዱ ብሎክ የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላል፤ ቁጥሩን የሚያስቀምጠው ግን ከብሎኩ ጋር አይደለም፣ ወደ ብሎኩ በሚያመለክተው የበላይ ብሎክ ውስጥ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ብዙ ነገር ይለውጣል። ቁጥሩ ከመረጃው ጋር ቢሆን ኖሮ፣ የተሳሳተ ቦታ ላይ የተጻፈ ብሎክ ከራሱ ቁጥር ጋር ስለሚስማማ ትክክል መስሎ ያልፍ ነበር። የበላዩ ግን «እኔ የጠበቅኩት ይህን አይደለም» ብሎ ይይዘዋል፤ መረጃው በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ካለው ከዚያ አንብቦ የተበላሸውን ራሱ ያድሳል። በዚህ ላይ ነባሩን ብሎክ ደምስሶ አይጽፍበትም፤ አዲሱን በባዶ ቦታ ጽፎ ሲጨርስ ነው አቅጣጫውን የሚቀይረው። መብራት በመሐል ቢጠፋ የሚገኘው ወይ አሮጌው ሙሉ መረጃ ወይ አዲሱ ሙሉ መረጃ ነው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች ከተከፈቱ በኋላ የት እንደደረሱ መመልከት ክርክሩን ግማሽ መንገድ ይወስደዋል። አፕል ዲትሬስን በኦክቶበር 2007 በወጣው ማክ ኦኤስ ቴን ሊዮፓርድ ውስጥ አስገባ። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዜድኤፍኤስን በ2008 መጀመሪያ ከወጣው ስሪት 7.0 ጀምሮ ይዟል። በሎረንስ ሊቨርሞር የአሜሪካ ብሔራዊ ላብራቶሪ ያሉ መሐንዲሶች ለግዙፍ ኮምፒውተሮቻቸው ማከማቻ የሚሆን ሲፈልጉ ዜድኤፍኤስን ወደ ሊኑክስ አመጡት፤ በፈቃዱ ምክንያት ከከርነሉ ውጭ በሞጁል መልክ የሚጫን ሆነ። በ2016 ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ከነሞጁሉ መሰራጨት ጀመረ፤ ይህ የፈቃድ ጥሰት ነው የሚሉ የሕግ ሰዎች ቢኖሩም ስርጭቱ ቀጥሏል።

ገንዘቡስ?

«ታዲያ ሰን ከዚህ ምን አተረፈ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከመልካም ምኞት የተሻለ መልስም ይገባዋል። ኮዱ ተከፍቶ ሳለ የሰን አንድ አነስተኛ ቡድን ሶላሪስን፣ ዜድኤፍኤስንና ዲትሬስን ከተራ ሃርድዌር ጋር አጣምሮ የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ ሠራ፤ በኖቬምበር 2008 ሰን ስቶሬጅ 7000 ተብሎ ገበያ ወጣ። ሶፍትዌሩ ክፍት መሆኑ ደንበኛው ለመሣሪያው እንዳይከፍል አላደረገውም። ደንበኛው የሚገዛው ተፈትሾ የተገጣጠመ፣ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው ያለው ነገር ነው። ኦራክል ራሱ ሰንን ከገዛ በኋላ ይህን መሣሪያ ስሙን ለውጦ መሸጡን ቀጠለ።

ተፎካካሪዎች መጠቀማቸውም አይካድም። ኔክሰንታ የተባለ ኩባንያ በዚያው ኮድ ላይ ተመሥርቶ የራሱን የማከማቻ ምርት ሸጧል። የማከማቻው ገበያ ነባር ተጫዋች ኔትአፕ ደግሞ በሴፕቴምበር 2007 ዜድኤፍኤስ ፓተንቶቼን ይጥሳል ብሎ ሰንን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2010 ሁለቱም ወገኖች ክሳቸውን በመተው አበቃ። ይህ ክስ የሚያሳየው ግን ለተቺዎቹ የማይመች ነገር ነው። በነፃ ሊወርድ የሚችል ፋይል ሲስተም ያስደነገጠው የገበያውን ነባር ባለቤት ነበር፤ ማለትም ሰን በመክፈቱ ተዘግቶበት የነበረ ገበያ ውስጥ እግሩን አስገባ። ጎድሎ የነበረው ጊዜ ነው። መሣሪያው የወጣው የኒው ዮርኩ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከከሰረ በሁለተኛው ወር፣ ደንበኞች ኪሳቸውን በዘጉበት ሰሞን ነበር።

ጥፋቱ የት ላይ ነው?

ሰን ኮዱን ከፈተ፤ ወደ ኮዱ የሚወስደውን በር ግን በእጁ ያዘ። ከሰን ውጭ ያለ ፕሮግራመር ማሻሻያ ቢጽፍ በቀጥታ ማስገባት አይችልም ነበር። ጥያቄ ያቀርባል፣ ከሰን ሠራተኞች አንዱ ስፖንሰር እንዲሆነው ይጠብቃል፣ ሠራተኛው ጊዜ ሲያገኝ ይመረምረዋል፣ በመጨረሻ እሱው ያስገባለታል። ሠራተኛው በሥራ ከተጠመደ ማሻሻያው ይቀመጣል። የማኅበረሰቡ አስተዳደር ቦርድ የተባለ አካል በምርጫ ቢቋቋምም ዋናዎቹ ውሳኔዎች ኩባንያው ውስጥ ይወሰኑ ነበር። ሰን «ኦፕንሶላሪስ» የሚለውን ስም ማኅበረሰቡን ሳያማክር ለራሱ አዲስ ምርት ለመስጠት ሲወስን በድር ቴክኖሎጂ ሥራው የታወቀው ሮይ ፊልዲንግ በ2008 ከማኅበረሰቡ ለቆ ወጣ። ውሳኔውን ኩባንያው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይናገር፣ ማኅበረሰብ ነን ማለት ይቅር የሚል ነበር አቋሙ፤ ልክም ነበር።

ከሁሉ በላይ ዋጋ ያስከፈለው ግን ብዙ ሰው ሳያነበው የሚፈርመው ወረቀት ነው። ለኦፕንሶላሪስ ኮድ የሚያበረክት ሁሉ የቅጂ መብቱን ለሰን የሚያጋራ ስምምነት ይፈርም ነበር። አሠራሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሲዲዲኤል ማንኛውም ሰው ያሻሻለውን ፋይል እንዲከፍት ያስገድዳል። የቅጂ መብቱ ባለቤት ግን በራሱ ፈቃድ አይታሰርም፤ የራሱን ኮድ በፈለገው ሁኔታ፣ ዘግቶም ቢሆን፣ ማውጣት ይችላል። ሰን የሁሉም ኮድ ባለቤት ወይም የጋራ ባለቤት ስለነበር፣ ኮዱን መልሶ መዝጋት የሚችል በዓለም ላይ ያለ ብቸኛ ድርጅት ነበር። በጃንዋሪ 2010 ኦራክል ሰንን በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ሲገዛ ይህም ሥልጣን አብሮ ተላለፈ። በኦገስት 2010 ከኦራክል ውስጥ የወጣ የሥራ መልእክት ከዚያ በኋላ የዕለት ተዕለት ኮዱ እንደማይለቀቅ ገለጸ፤ የአስተዳደር ቦርዱ በዚያው ወር ራሱን አፈረሰ፤ በ2011 የወጣው ሶላሪስ 11 ዝግ ነበር።

እስከዚያ ቀን የተለቀቀውን መልሶ መውሰድ ግን ኦራክልም አልቻለም። መልእክቱ ከመውጣቱ አሥር ቀን በፊት፣ ኦገስት 3፣ ጋሬት ዲአሞር የሚመራው ቡድን ኢሉሞስ የተባለ ፕሮጀክት ይፋ አደረገ። የመጀመሪያ ሥራው እነዚያን ዝግ ቁርጥራጮች፣ በተለይም የሲ ላይብረሪውን የቋንቋ ክፍል፣ በክፍት ኮድ መተካት ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ከኦራክል ኮድ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ነበር፤ ኦራክል ሲዘጋ ራሱን ችሎ ቆመ። ከሰን ስህተት የተማረውም እዚህ ላይ ነው፦ ኢሉሞስ አበርካቾቹን የቅጂ መብት ስምምነት አያስፈርምም። ባለቤትነቱ በብዙ እጅ ስለተበተነ የኢሉሞስን ኮድ ሰብስቦ ሊዘጋ የሚችል ድርጅት የለም።

የተዘጉት ዩኒክሶች ዕጣ

ሰን ባይከፍት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለዚህ ግምት አያስፈልግም፤ ያልከፈቱ እኩዮቹ አሉ። ሲሊከን ግራፊክስ አይሪክስ የተባለውን ዩኒክሱን ዘግቶ ያዘ፤ በ2006 ማሻሻሉን አቆመ። ከአይሪክስ የተረፈው ዋናው ነገር ኩባንያው ወደ 2000 መግቢያ ላይ በጂፒኤል የለቀቀው ኤክስኤፍኤስ የተባለ ፋይል ሲስተም ነው። እሱ በ2014 የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ዋና ፋይል ሲስተም ሆነ፤ ዛሬም በመላው ዓለም ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ትሩ64 የተባለው ዩኒክስ ከዲጂታል ወደ ኮምፓክ፣ ከኮምፓክ ወደ ኤችፒ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዘዋወር ቆይቶ በ2012 ድጋፉ አበቃ። ኤችፒ የትሩ64ን ፋይል ሲስተም አድቪኤፍኤስን በ2008 ከፍቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፣ የተከለውም የለም።

ከእነዚህ ጋር የኖኪያን የስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲምቢያንን ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም መክፈት ብቻውን እንደማያድን ያሳያል። ሲምቢያን ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 2010 ነው፤ አይፎንና አንድሮይድ ገበያውን መውሰድ ከጀመሩ በኋላ። በዓመቱ ኖኪያ ወደ ዊንዶውስ ፎን ዞረ። ከውጭ ሆኖ ኮዱን የሚፈልግ ማኅበረሰብ ስላልነበረ የተከፈተው ኮድ ወራሽ አላገኘም።

የሰን ሁኔታ ከአድቪኤፍኤስም ከሲምቢያንም የሚለየው ኮዱ በተከፈተ ጊዜ አዲስና ተፈላጊ መሆኑ ነው። በ2002 ቢከፈት ኖሮ ደግሞ ውጤቱ የተሻለ ሊሆን ይችል እንደነበር አምናለሁ፤ ሊኑክስ በባንኮች ውስጥ ገና አልተደላደለም ነበር። የሕጉ ጉዳይ ግን ያን ጊዜ አላለቀም።

አሁን ያለበትና የሚሄድበት

የኦራክል ሶላሪስ እስከ 2030ዎቹ ድጋፍ ይኖረዋል ተብሏል፤ በ2017 ግን ኦራክል ከሶላሪስና ከስፓርክ ሠራተኞች አብዛኛዎቹን አሰናበተ። አዲስ ደንበኛ የሚፈልግ ምርት አይደለም፤ ነባሮቹ እስኪለቁ የሚጠበቅ ነው። ኦራክል በ2018 ዲትሬስን ለሊኑክስ እንዲሆን በጂፒኤል መልቀቁ፣ የዘጋው ኩባንያ ራሱ መክፈት የሚጠቅምበትን ቦታ እንዳየ ያመለክታል።

ኢሉሞስ ትንሽ ነው፤ ወደፊትም የሊኑክስን ያህል ተጠቃሚ ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የአዳዲስ ሃርድዌር ድራይቨር ችግሩም የሚቀር አይመስልም። ነገር ግን ሕያው ነው። በ2019 የተመሠረተው ኦክሳይድ ኮምፒውተር ሙሉ የሰርቨር መደርደሪያ ከነሶፍትዌሩ ሠርቶ ሲሸጥ ከታች ያለው ሲስተም የኢሉሞስ ዘር ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ብራያን ካንትሪል ከዲትሬስ ፈጣሪዎች አንዱ ነው። ሰው ከኩባንያ ወጥቶ የገዛ ሥራውን በሕጋዊ መንገድ ይዞ መቀጠሉ በዝግ ሶፍትዌር የማይታሰብ ነው። ዜድኤፍኤስ ደግሞ ከሶላሪስ የበለጠ ሰፍቷል። ከ2013 ጀምሮ ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚል ስም ይሠራል፤ በ2020 መጨረሻ የሊኑክስና የፍሪቢኤስዲ ኮዱ አንድ ሆነ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪም ሆነ ዱባይ ያለ የሰርቨር ባለሙያ በአንድ ትዕዛዝ አውርዶ ሊጠቀምበት፣ ከፈለገም መስመር በመስመር ሊያነበው ይችላል።

ጥያቄው አሁን በሌላ ኩባንያ ፊት ቆሟል። ኤችፒ-ዩኤክስ የተባለው የኤችፒ ዩኒክስ መደበኛ ድጋፍ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል፤ የሚሠራበት የአይታንየም ፕሮሰሰር ከ2021 ወዲህ አይመረትም። ውስጡ የአርባ ዓመት የምህንድስና ሥራ አለ፤ ባለቤቱ ኤችፒ ኢንተርፕራይዝ ከእንግዲህ አይሸጠውም። የዩኒክስ መብትን ማጥራት፣ የሌሎችን ኮድ ለይቶ ማውጣት፣ ጠበቃ መክፈል አስቸጋሪ እንደሆነ ከሰን ታሪክ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሙሉ ሲስተሙ ይከፈታል ብዬ አልጠብቅም። ኩባንያው ራሱ የጻፋቸውን፣ በማንም መብት ያልተያዙትን ክፍሎች መርጦ መልቀቅ ግን ይቻላል፤ ኤክስኤፍኤስ የዳነው እንደዚያ ነው። ይህንን ኮድ የጻፉት መሐንዲሶች ሁሉ ጡረታ ከመውጣታቸውና የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከመጥፋቱ በፊት መደረግ አለበት።